ግብር የማትከፍለው የእህል ሸሪክ

የደንቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የፎገራ ሩዝ ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ወቅት ዋጋውን የሚካፈሉት ወገኖች በርካታ ናቸው። ገበሬው፣ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ ባለመኪናውና ቸርቻሪው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ያነሳሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግን ንግድ ፈቃድ ያላወጣች፣ ካፒታል ያላዋጣች፣ ግብርም የማትከፍል አንዲት ሸሪክ አለች። እሷም አይጥ ናት። ድርሻዋን ከሚዛን በፊትም ከሚዛን በኋላም የምታነሳ ሲሆን፣ የወሰደችው በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በታኅሣሥ ወር ተመዝኖ የገባ ኩንታል በሰኔ ወር ሲመዘን ጎድሎ መገኘቱ ለማንም የእህል ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ሦስት ምንጮች አሉት። አንደኛው እህሉ እርጥበቱን ሲለቅ የሚቀንሰው ክብደት ነው። ሁለተኛው የነቀዝ ሥራ ነው። ሦስተኛው አይጥ የበላችውና ጆንያ ቀድዳ ያፈሰሰችው ነው። ሦስቱ ተደምረው በአንድ ቁጥር ስለሚመጡ ነጋዴው "የሚዛን ጉድለት ነው" ብሎ ያልፈዋል። አይጧም ተጠያቂነቱን ለአየሩና ለነቀዙ ትታ በነፃ ትሰናበታለች።

ይህ ጉድለት ከማን ኪስ እንደሚወጣ መመርመር ተገቢ ነው። ነጋዴው ጉድለቱን በሚቀጥለው ዓመት የመሸጫ ዋጋ ላይ ለማካካስ ይሞክራል፤ ገበያው ካልፈቀደለት ደግሞ ለገበሬው የሚከፍለውን ይቀንሳል። በመሆኑም የባሕር ዳር ሸማች ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍል፣ የደንቢያ ገበሬ ደግሞ ዝቅ ያለ ዋጋ ይቀበላል። በአማርኛ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ገበያ የተተረተ ይመስላል።

ሒሳቡ ሲሰላ

አንዲት ጎልማሳ አይጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም ደረቅ ምግብ ትበላለች። መካከለኛውን 20 ግራም እንውሰድ። በአንድ መካከለኛ የእህል መጋዘን ውስጥ 30 አይጦች አሉ ብንል በቀን 600 ግራም ይበላሉ። እህሉ ስድስት ወር ቢቀመጥ፣ ማለትም በ180 ቀናት ውስጥ፣ 108 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከአንድ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። በአንድ የገበያ መስመር ላይ እንዲህ ያሉ 40 መጋዘኖች ቢኖሩ በስድስት ወር የሚበላው 43 ኩንታል ይደርሳል። ለአንድ ሰው በዓመት 150 ኪሎ እህል ይበቃዋል ብለን ብናስብ፣ ይህ መጠን አምስት አምስት አባላት ያሏቸውን አምስት ቤተሰቦች ዓመቱን ሙሉ መግቦ ይተርፋል።

ከጠቅላላው እህል አንፃር አንድ ኩንታል ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ነጋዴው የሚኖረው በጠቅላላው ሽያጭ ሳይሆን በትርፉ ነው። ለምሳሌ 200 ኩንታል ያስገባ ነጋዴ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከየመቶው ብር ሽያጭ 2 ብር የሚተርፈው ቢሆን፣ ጠቅላላ ትርፉ የአራት ኩንታል ዋጋ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ኩንታል ከ8 ኪሎ አይጥ ከበላችው ከትርፉ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ወስዳለች ማለት ነው። ሸሪክ የሚያሰኛትም ይኸው ነው።

ከዚህም ባሻገር የምትበላው ከምታበላሸው ያነሰ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን ስለማያቋርጥ፣ ጥርሷን ለመሞረድ የማትበላውንም ነገር ትቆረጥማለች። ጆንያ፣ ማዳበሪያ፣ የእንጨት በር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይቀራትም። የተቀደደ ጆንያ የሚያፈሰው እህል ከአፈርና ከአይጥ ኩስ ጋር ተቀላቅሎ ሲጠረግ ደረጃው ወርዶ የዶሮ መኖ ይሆናል፣ ወይም ይደፋል። የመብራት ሽቦ ልባስ ተልጦ እሳት ቢነሳ ደግሞ ጉዳቱ በኩንታል የሚቆጠር አይሆንም።

ከማሳ እስከ ኮርኒስ

በጥቅሉ "አይጥ" ተብሎ ይጠራ እንጂ በእህል ንግዱ መስመር ላይ ያሉት ከአንድ በላይ ናቸው። በማሳ ላይ የምትገኘው፣ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ አርሶ አደሮች ዘንድ የታወቀችው ባለብዙ ጡት አይጥ ናት። ስሟን ያገኘችው እስከ 12 ጥንድ ከሚደርሱ ጡቶቿ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ልትወልድ ትችላለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ከቤልጂጋዊው ሄርቪግ ሌይርስ ጋር በመካከለኛው ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል። ሌይርስና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት በታንዛኒያ ላይ ተመሥርተው ባወጡት ሌላ ጥናት የእነዚህ አይጦች ቁጥር ከዝናብ ጋር የተቆራኘ መሆኑን አሳይተዋል። ለነጋዴው የሚኖረው ትርጉም ቀላል ነው። የዝናቡን ሁኔታ የሚከታተል ሰው ቀጣዩ ወቅት የአይጥ ወቅት መሆን አለመሆኑን ቀድሞ ሊጠረጥር ይችላል።

ሁለተኛዋ የከተማዋ አይጥ፣ ማለትም ጥቁሯ የቤት አይጥ ናት። ዘሯ ከህንድ ክፍለ አህጉር ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋችው በንግድ መርከብና በቅፍለት ነው። ከመሬት ይልቅ ከፍታ ትወዳለች። ግድግዳ ትወጣለች፣ በሽቦ ላይ ትሄዳለች፣ ኮርኒስ ውስጥ ትወልዳለች። ሌሊት በኮርኒስ ላይ የሚሰማው ሩጫ በአብዛኛው የእሷ ነው። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ ግልገሎቿ ከሦስት እስከ አራት ባሉት ወራት ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ።

ከማሳው ወደ ኮርኒሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎርጎራ ትገኛለች። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተቀመጠችው ይህች አነስተኛ ከተማ ጀርባዋ የደንቢያ ሜዳ፣ ፊቷ ሐይቁ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ አካባቢዋን የቤተ መንግሥታቸው መቀመጫ አድርገዋት ነበር። የዘመናዊ ወደብነት ታሪኳ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰውና ዕቃ የጫነ ጀልባ ከጎርጎራ ተነስቶ በደልጊ፣ በቁንዝላና በዘጌ በኩል እያደረ ባሕር ዳር ይደርስ ነበር። እህል በጆንያ ታስሮ ወደብ ላይ ሲያድር፣ ከዚያም ጀልባው ሆድ ውስጥ ሲያድር፣ አብሮት የሚሳፈር ተሳፋሪ እንደማይጠፋ መገመት አያዳግትም።

የባሕር ንግድ ይህን ችግር ጥንት ያውቀዋል። በወደብ የታሰረ መርከብ ገመድ ላይ ክብ የብረት ጋሻ የሚደረገው አይጥ በገመዱ ተራምዳ እንዳትገባ ወይም እንዳትወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የጤና ስምምነት መርከቦች ከአይጥ ስለመጽዳታቸው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ ያዝዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም ሰፋ ባለ የመርከብ ጽዳት ምስክር ወረቀት ተክቶታል። ይህ ሁሉ ግን የተጻፈው ከአገር አገር ለሚሄድ መርከብ ነው። በሐይቅ ላይ ለሚመላለስ ጀልባና በአስፋልት ለሚሄድ አይሱዙ አይደለም።

በሐይቁ ዳር ያለው ሌላው ምክንያት ውኃው ነው። በክረምት የርብና የመገጭ ወንዞች ሲሞሉ የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች በውኃ ይጥለቀለቃሉ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በርካታ ሰዎችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል። ጎርፍ ሰውን ብቻ አያፈናቅልም። ጉድጓዷ ውኃ የሞላባት አይጥም ወደ ደረቅ መሬት ትሸሻለች። ደረቁ መሬት ላይ የሚገኘው ደግሞ ቤትና ጎተራ ነው።

ከተማው ለምን ተመቻት?

እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ የእህል ንግድ በኮታና በመንግሥት ድርጅት እጅ በነበረበት ዘመን ብዙው እህል የሚከማቸው በጥቂት ትላልቅ መጋዘኖች ነበር። ኮታው ከተነሳ በኋላ ንግዱ ወደ ግለሰቦች ሲዛወር ማከማቻውም አብሮ ተበተነ። ነፃ ገበያው ለገበሬውም ለነጋዴውም የጠቀመው ብዙ ነው። ሆኖም እህሉ አሁን የሚቀመጠው ለመጋዘንነት ባልተሠሩ ክፍሎች፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሱቆችና በመኖሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ ጭምር ነው። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ግድግዳ ለአይጥ በር ማለት ነው። ጎልማሳ አይጥ በሁለት ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ትገባለች፤ ለትንሿ የቤት አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ይበቃታል።

የባሕር ዳር አየር ጠባይም ለእሷ የሚስማማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ የአይጥን ርቢ የሚገታ ብርድ የላትም። ከተማዋ በፍጥነት ስትሰፋ ቆሻሻ አሰባሰቡና የፍሳሽ ቦዩ ከቤቶቹ ቁጥር እኩል አይራመድም። የምግብ ቤት ትራፊ፣ የገበያ ግርድና ያልተከደነ ቦይ ባለበት ሁሉ አይጥ ቀለብና መኝታ አላት።

ጉዳዩ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 16 ከተሞችን መርምሮ በ11ዱ የአይጥ ቁጥር እየጨመረ መምጣቱን አመልክቷል። ዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቶሮንቶ፣ ኒው ዮርክና አምስተርዳም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ጭማሪው የበዛው አየሩ በሞቀባቸውና ሕዝብ በተጨናነቀባቸው ከተሞች ነው። ቶኪዮን በመሰሉ ጥቂት ከተሞች ግን ቁጥሩ ቀንሷል። ሀብታም መሆን ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ኒው ዮርክ ምስክር ናት። ለአሠርት ዓመታት ቆሻሻዋን በፕላስቲክ ከረጢት አስፋልት ዳር ስታስቀምጥ የኖረችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 የአይጥ ቁጥጥር ኃላፊ እስከ መሾም ደርሳለች፤ በኅዳር 2024 ደግሞ ከአንድ እስከ ዘጠኝ መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ቆሻሻቸውን ክዳን ባለው በርሜል እንዲያወጡ ግዴታ ጥላለች።

የመርዝ ገበያ

አይጥ ባለችበት ሁሉ የአይጥ መርዝ ገበያም አለ። በየመንገዱ ዳር በትንንሽ ጥቅል የሚሸጠው መርዝ ርካሽ በመሆኑ ገዢው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥቅሉ የመርዙን ዓይነትም ሆነ መጠን አይናገርም። ገዢው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ሻጩ ከሚያውቀው እጅግ ያነሰ በሚሆንበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ፈጣኖቹ መርዞች፣ ለምሳሌ ዚንክ ፎስፋይድ፣ አይጧ ሆድ ውስጥ ሲገቡ መርዛማ ጋዝ ያመነጫሉ። ችግሩ አይጥ ጠርጣራ መሆኗ ነው። አዲስ ምግብ ስታገኝ ጥቂት ቀምሳ ትጠብቃለች። ከታመመች ሁለተኛ አትነካውም። ከዚህ የተነሳ ነጋዴው በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ሬሳ አይቶ ሲደሰት፣ በሁለተኛው ሳምንት መርዙ ሳይነካ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ የዋሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መርዞች የተሻሉ የሆኑት አይጧ የምትሞተው ከቀናት በኋላ በመሆኑና ሕመሟን ከምግቡ ጋር ስለማታያይዘው ነው። ይሁን እንጂ እነዚህም ቢሆኑ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ይገድላሉ። በአንድ ኩንታል እህል ምክንያት ድመቱን የገደለ ነጋዴ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሌሊት ዘበኛውን አሰናበተ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ለነቀዝ ተብሎ የሚገዛው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ጽላት ነው። ይህ መድኃኒት በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በታሸገ መጋዘን ውስጥ እንዲሠራበት የተዘጋጀ ሲሆን የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል። እህልና ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ከአይጥ ይልቅ ሕፃናትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

አይጦችን መግደል ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከሃኖይ ታሪክ መማር ይቻላል። በቬትናም የነበረው የፈረንሳይ ቅኝ ገዢ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1902 የአይጥ ጭራ ላመጣ ሁሉ ለእያንዳንዱ ጭራ አንድ ሳንቲም እንደሚከፍል አወጀ። ጭራው በብዛት ሲመጣ ዘመቻው የተሳካ መሰለ። ኋላ ላይ ግን ጭራቸው የተቆረጠ አይጦች በከተማው ሲንሸራሸሩ ታዩ። አዳኞቹ ጭራውን እየቆረጡ አይጧን እንድትራባ ይለቋት ነበር፤ አንዳንዶቹም አይጥ ማርባት ጀምረው ተገኙ። አስተዳደሩ የገዛው ጭራ እንጂ የአይጥ መቀነስን አልነበረም።

መጋዘኑን የሚጠግነው ማነው?

መድኃኒቱ ከመርዝ ይልቅ ግንባታና ጽዳት ነው። አባቶች ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ያቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው እግር ላይ ተገልብጦ የሚታሰር የቆርቆሮ ቆብ ቢጨመርበት አይጥ መውጣት ያቅታታል። በከተማ መጋዘንም ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ቢደረደር አይጧ መደበቂያ ታጣለች፤ ኩሷም ቶሎ ይታያል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ በቆርቆሮ ቢለበጥ፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ፣ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ ቢዘጋ፣ የፈሰሰ እህል በየማታው ቢጠረግ መጋዘኑ ቀለብም በርም የሌለው ይሆናል። ለገበሬው ቤት ደግሞ የብረት ጎተራ ነቀዝንም አይጥንም በአንድነት ይከላከላል።

እዚህ ላይ አየር የማያስገቡት አዳዲስ ከረጢቶች ጉዳይ መነሳት አለበት። እነዚህ ከረጢቶች ነቀዙን አየር አሳጥተው የሚገድሉ በመሆናቸው ያለ ኬሚካል ይሠራሉ። አይጥ አንድ ቦታ ላይ ከነከሰቻቸው ግን አየር ይገባል፤ ነቀዙም ያገግማል። ስለዚህ አይጥ ባለችበት መጋዘን ውስጥ ውድ ከረጢት መግዛት ገንዘብን በቀዳዳ ከረጢት እንደማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ በሩ፣ ከዚያ ከረጢቱ መሆን ይኖርበታል።

ወጪው ከባድ ካልሆነ ታዲያ ነጋዴው ለምን አይሠራውም? መልሱ ያለው በኪራይ ውሉ ውስጥ ነው። አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ መጋዘኑን የሚከራየው ለአጭር ጊዜ ነው። ተከራዩ ነገ ለሚለቀው ግድግዳ ሲሚንቶ መግዛት አይፈልግም። አከራዩ ደግሞ አይጥ የምትበላው የእሱን እህል ስላልሆነ ግድግዳው አያሳስበውም። ጥቅሙ ለአንዱ፣ ወጪው ለሌላው በሆነበት ቦታ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ቢሠራም እንኳ ጎረቤት መጋዘን ክፍት ከሆነ አይጧ በጋራ ጣራ በኩል ተመልሳ ትመጣለች። አንዱ ብቻውን የሚጠግነው ለጎረቤቱ ጭምር ነው፤ አንዱ ብቻውን የሚተወውም ሁሉን ይጎዳል።

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ተጠያቂነትን በአንድ እጅ ማድረግ ነው። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። እህል ተረክቦ ደረሰኝ የሰጠ መጋዘን ለተረከበው መጠንና ጥራት ኃላፊ ስለሚሆን፣ የአይጥ ቀዳዳ የራሱ ኪሳራ ይሆንበታል፤ ይደፍነዋልም። ለትንንሾቹ ነጋዴዎችም በኪራይ ውሉ ላይ "የጥገናው ወጪ ከኪራዩ ይቀነሳል" የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨመር ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል። ሁለተኛው መንገድ የአንድ ገበያ መስመር ነጋዴዎች በአንድ ሳምንት፣ ሁሉም በአንድነት፣ እህሉ አልቆ መጋዘኑ ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ መገባደጃ ላይ እንዲጠግኑና እንዲያጸዱ ማድረግ ነው። በዚያ ወቅት የአይጧ ቀለብ በጣም የሚያንስ በመሆኑ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ውጤት ይገኛል። ዕቁብና ዕድር የለመደ ማኅበረሰብ ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገውም።

ማዘጋጃ ቤቱም ድርሻ አለበት። ክዳን ያለው የቆሻሻ ገንዳ፣ የተከደነ ቦይና በሰዓቱ የሚነሳ ቆሻሻ በነጋዴው አቅም የሚሠሩ አይደሉም። ከገበያ የሚሰበሰበው ኪራይና ግብር የተወሰነው ክፍል ወደዚሁ ሥራ ቢመለስ የእርዳታ ጉዳይ ሳይሆን የግብሩን ምንጭ የመጠበቅ ጉዳይ ነው። አይጥ የምታመጣው ጣጣም በእህል ብቻ አይወሰንም። በሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ በቁንጫዋ ደግሞ ወረርሽኝ ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በማዳጋስካር የተነሳው የወረርሽኝ በሽታ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለ ሲሆን የአገሪቱን ንግድና ቱሪዝምም ጎድቷል።

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ጎርጎራ ይመልሳል። ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው "ገበታ ለሀገር" ፕሮጀክት ከታቀፉት ሦስት ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ ዓላማው የሐይቁን ዳርቻ ለጎብኚ መክፈት ነው። ሎጅና ምግብ ቤት በበዛበት ሁሉ ትራፊና መጋዘን ይበዛል። ለአዲስ ሕንፃ የአይጥ መከላከያ የሚሠራው በፕላን ላይ ሲሆን ወጪው ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሽቦና ሲሚንቶ ነው። ሕንፃው ካለቀና አይጧ ኮርኒስ ውስጥ ከወለደች በኋላ ግን የሚፈርስ ግድግዳ፣ የሚለወጥ ሽቦና የሚሸሽ እንግዳ ይጨመርበታል። በሐይቁ ዳር አሁን እየገነባ ያለ ሁሉ ከመሐንዲሱ ጋር ሲነጋገር ስለ በሩ ስፋት ብቻ ሳይሆን ከበሩ ሥር ስለሚቀረው ክፍተትም ቢጠይቅ ያተርፋል። ክፍተቱ ከስድስት ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።